የእህል ቤት የሰው ቤት ሲሆን

በእንግሊዝ ገጠር ከመንደሩ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ መስኮት የሌለው፣ ጣራው ከከፍታ ተነሥቶ ወደ ሰው ቁመት የሚወርድ ረጅም አሮጌ ሕንፃ ማየት የተለመደ ነው። የቀድሞ ገበሬዎች የእህል ጎተራ ነው። ከእነዚህ ጎተራዎች፣ ከፈረስ ጋጦችና ከላም በረቶች ብዙዎቹ ካለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ የቤተሰብ መኖሪያ ሆነዋል። ሥራው ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ጣራው ተከድኗል፣ የቀረው መስኮት ማውጣትና ወጥ ቤት ማስገባት ብቻ ነው ያሰኛል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጎተራ የተሠራው ነፋስ እንዲያልፍበት ነው፤ መኖሪያ ቤት ደግሞ ነፋስ እንዳይገባበት ይሠራል። ከመሠረቱ እስከ ጣራው የሚያጋጥመው ችግር በአብዛኛው ከዚህ አንድ ልዩነት ይመነጫል፤ ጥሩ ሆነው የወጡት ቤቶችም ይህን ቀድመው የተረዱ ሰዎች የሠሯቸው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነፋሱ ለምን እንዳስፈለገ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም። የደጋው ገበሬ እህሉን አጭዶና ነዶውን ከምሮ፣ ዝናቡ ሲያባራ በደረቅ ሰማይ ሥር አውድማ ለቅልቆ በበሬ ያበራያል፤ ከዚያም ነፋስ ጠብቆ በመንሽና በላይዳ ያዘራል። የእንግሊዝ ገበሬ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር። አዝመራው የሚደርሰው በነሐሴ ገደማ ነው፤ የዚያ አገር ዝናብ ግን ወር አይመርጥም። ስለዚህ ነዶው ሳይወቃ ጣራ ሥር ይገባል፤ ሠራተኞችም የብርዱን ወራት ሙሉ በማሰሪያ በተያያዙ ሁለት ዱላዎች እየመቱ ቀስ በቀስ ይወቁታል። ጎተራው እንግዲህ ክምርንና አውድማን በአንድ ጣራ ሥር ያስገባ ሕንፃ ነው።

ከሕንፃው መካከል በእንጨት ሳንቃ ወይም በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር የተደለደለ የመውቂያ ወለል አለ። በዚህ ወለል ሁለት ጫፎች ፊት ለፊት የሚተያዩ ትልልቅ በሮች ይገኛሉ። ሁለቱም ሲከፈቱ ነፋሱ ከአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ እህሉ ወደ ላይ ሲጣል ገለባውን ይዞት ይሄዳል። አንደኛው በር ነዶ የተጫነ ጋሪ ከነቁልሉ እንዲያልፍበት ከፍ ያለ ነው፤ ባዶው ጋሪ የሚወጣበት ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ከመውቂያው ግራና ቀኝ ያለው ሰፊ ቦታ ለነዶና ለጭድ ነው። ግድግዳው ላይ በመስኮት ፋንታ ከውጭ ጠበው ከውስጥ የሚሰፉ ቀጫጭን ክፍተቶች ተደርድረዋል፤ ነዶው እንዳይሻግት አየር የሚገባው በእነዚህ ነው። በብዙ ጎተራዎች ከጣራው ጫፍ ሥር አንዲት ቀዳዳ ትታያለች። ጉጉት ገብታ አይጥ እንድታድን ሆን ተብሎ የተተወች ናት።

የእንጨት ሥራው ዕድሜ ያስደንቃል። በኤሴክስ ክፍለ ግዛት፣ ክሬሲንግ ቴምፕል በተባለው ስፍራ፣ ቴምፕላር የሚባሉት የመስቀል ጦር መነኮሳት ያሠሯቸው ሁለት ጎተራዎች፣ አንዱ የገብስ ሌላው የስንዴ፣ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምረው እስከ ዛሬ ቆመዋል። የገብሱ ጎተራ የንጉሥ ላሊበላ ዘመን እኩያ ሊባል ይችላል። ምሰሶዎቹና ወጋግራዎቹ ኦክ ከተባለው የአገሩ ጠንካራ ዛፍ የተጠረቡ ሲሆኑ፣ እርስ በርሳቸው የተያያዙት በእንጨት ችንካር ነው። እንዲህ ያሉት የገዳማትና የመኳንንት ጎተራዎች ጥቂት ናቸው። ወደ መኖሪያ የሚለወጠው በአብዛኛው ከ17ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ተራ ገበሬ ወይም የአካባቢ ባለርስት ያሠራው ነው፤ አሠራሩ ግን ከትልልቆቹ ጋር ያው ነው።

ጎተራዎቹ ባዶ የቀሩት በአንድ ጀምበር አይደለም። ስኮትላንዳዊው አንድሩ ሚክል በ1786 ገደማ የመውቂያ ማሽን ሠራ። የብርዱን ወራት እንጀራቸውን ማሽኑ የነጠቃቸው የቀን ሠራተኞች በ1830 በደቡብና በምሥራቅ እንግሊዝ ተነሥተው ማሽኖቹን ሰባበሩ፤ አመፁ ታፈነ፣ ማሽኑም ቀጠለ። በእንፋሎት የሚሠራው ተከተለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ኮምባይነር ማጨዱንም መውቃቱንም እዚያው ማሳው ላይ ጨረሰው። ነዶ ሲቀር የነዶው ቤት ሥራ ፈታ። ትራክተር ፈረሱን ስላስወጣ ጋጡም ባዶ ቀረ። የአዲሶቹ ማሽኖች ቁመት ከአሮጌው በር በላይ ስለሆነ፣ ገበሬው አጠገቡ የብረት መጋዘን አቆመና ጎተራውን ረሳው።

ሥራ የፈታ ሕንፃ በፍጥነት ያረጃል። አንዲት የጣራ ሸክላ ትንሸራተታለች፤ ገበሬው ለማይገለገልበት ቤት መሰላል አያወጣም፤ ውሃው በዚያች ክፍተት እየገባ የአግዳሚውን ጫፍ ያበሰብሳል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣራው ይጎብጣል። የቅርስ ተቆርቋሪዎች በጎተራ ውስጥ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ሲገባ ማየት ባይወዱም ብዙዎቹ የተቀበሉት፣ ለአብዛኞቹ ሕንፃዎች ሌላ የሚያድን ጥቅም ስላልተገኘ ነው። ሰው የማይገለገልበትን ጣራ የሚጠግን የለም።

ጎተራን ወደ መኖሪያ ለመለወጥ የሚያስፈልገው ፈቃድ የራሱ ታሪክ አለው። በ1947 ከወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ወዲህ ማንም ሰው፣ በራሱ መሬት ላይም ቢሆን፣ ያለ ፈቃድ ቤት መሥራት አይችልም፤ የሕንፃን አገልግሎት መለወጥም እንዲሁ ፈቃድ ይጠይቃል። በማሳ መካከል አዲስ ቤት ለማቆም ፈቃድ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። አሮጌ ጎተራ ተፈላጊ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ገጠር መኖር ለሚፈልግ ሰው ቀድሞ የቆመ ሕንፃ ብቸኛ በሩ ሊሆን ይችላል። መንግሥት በሚያዝያ 2014 ባወጣው ደንብ በሩን ይበልጥ ከፈተው። ደንቡ ከ2015 ጀምሮ ክላስ ኪው ይባላል፤ ሙሉ የግንባታ ፈቃድ ሳይጠየቅ የእርሻ ሕንፃ መኖሪያ እንዲሆን ያስችላል። ባለቤቱ ለአካባቢው ምክር ቤት አስቀድሞ ያመለክታል፤ ምክር ቤቱ የመንገዱን ሁኔታ፣ ጩኸትን፣ የአፈር ብክለትን፣ የጎርፍ ስጋትን፣ የሕንፃውን መልክና ክፍሎቹ የሚያገኙትን የቀን ብርሃን መርምሮ በ56 ቀናት ውስጥ ይወስናል። በመጀመሪያ ከአንድ እርሻ የተፈቀደው እስከ ሦስት ቤት ነበር፤ በ2018 ወደ አምስት፣ በግንቦት 2024 ወደ አሥር ከፍ አለ። በአሁኑ ደንብ አንድ ቤት ከ150 ካሬ ሜትር፣ ቤቶቹ በጠቅላላ ከ1000 ካሬ ሜትር መብለጥ የለባቸውም፤ ሥራውም ይሁንታው በተገኘ በሦስት ዓመት ውስጥ ማለቅ አለበት።

ይህ መንገድ ለሁሉም ክፍት አይደለም። ደንቡ የሚሠራው በእንግሊዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። በእንግሊዝም ቢሆን በብሔራዊ ፓርኮችና ለመልክዓ ምድራቸው ውበት በተከለሉ ስፍራዎች አይጸናም፤ በቅርስነት ለተመዘገቡ ሕንፃዎችም አይሆንም። እነዚህ ሙሉ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ የተመዘገበ ቅርስ ሲሆን ሌላ የቅርስ ፈቃድም ይጨመራል። ስለዚህ በቀላሉ የሚፈቀደው አንዳንዴ ማንም የማያዝንለት የ1960ዎቹ የብሎኬትና የቆርቆሮ መጋዘን ነው። በእርሱም ላይ ገደብ ተጥሏል። በ2016 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሦስት ጎኑ ክፍት የሆነ የብረት መጋዘን ላይ በቀረበ ክርክር፣ ነባሩን ሕንፃ መለወጥና በአሮጌ አጥንት ላይ አዲስ ቤት መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ወስኗል። ግድግዳ የሌለው መጋዘን አራት ግድግዳ ከተሠራለት ተለወጠ አይባልም። ውሳኔው ትክክል ነው፤ የደንቡ ዓላማ የቆመውን ማዳን እንጂ በጎተራ ስም ማሳ ላይ ቪላ ማብቀል አይደለምና።

ከፈቃዱ ጎን ለጎን፣ እንዲያውም ከእርሱ ቀድሞ፣ የሚያስፈልገው የግንባታ መሐንዲስ ምርመራ ነው። ምርመራው በአሮጌ ሕንፃ የተካነ ሰው ሊሠራው ይገባል፤ አዲስ ሕንፃ ብቻ የሚያውቅ መሐንዲስ የጎበጠውን ሁሉ አፍርሱ ይላል። የኦክ እንጨት ከመቶ ዓመታት በፊት እርጥብ ሳለ ተሠርቶ፣ ሲደርቅ ተጣምሞ፣ በተጣመመበት ጸንቶ ሊቆም ይችላል። አደገኛው መጣመሙ ሳይሆን መበስበሱ ነው። እንጨቱ በመጀመሪያ የሚበሰብሰው ውሃ በሚያርፍበት ነው፤ ምሰሶዎቹ በሚቆሙበት የታችኛው ጋድም እንጨትና አግዳሚዎቹ ከግድግዳው በሚገናኙበት ጫፍ። ብልህ አናጢ ሙሉውን እንጨት አይጥልም፤ የበሰበሰውን ቆርጦ በምትኩ አዲስ ኦክ ይቀጥልበታል።

አግዳሚዎቹ ሌላ ፈተና አላቸው። ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የተዘረጉት እነዚህ ወፋፍራም እንጨቶች የጣራው ክብደት ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ እንዳይገፋ አጥብቀው የሚይዙ ናቸው። ነዶ ለሚከምር ገበሬ ከፍታቸው አይገደውም ነበር፤ ፎቅ ለሚያስገባ ቤተሰብ ግን ብዙ ጊዜ ልክ በአዋቂ ሰው ደረት ወይም ግንባር አንጻር ይሆናሉ። አንዱን ቆርጦ መተላለፊያ ማድረግ ያጓጓል፤ ጣራው መከፈት የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። መፍትሔው የፎቁን ወለል ከፍታ አግዳሚውን አይቶ መወሰን፣ ወይም በዚያ ክፍል ፎቅ ከማድረግ መታቀብ ነው። ለመሠረቱም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሮጌ ግድግዳ አምሳና ስድሳ ሳንቲሜትር ውፍረት እያለው መሠረቱ ግን ጥልቀት የሌለው፣ ጥቂት ድርድር ድንጋይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለወለል የሙቀት መከላከያና ለማሞቂያ ቱቦ ቦታ ለማግኘት ውስጡን መቆፈር ግድግዳውን ከሥሩ ያራቁተዋል። መሠረቱን ማጠናከር ግድ ሲሆን ቁፋሮው በአንድ ጊዜ አይካሄድም፤ አጠር አጠር ባለ ክፍል እየተፈራረቀ፣ አንዱ ደርቆ ሲጸና ሌላው እየተከፈተ ነው።

በአሮጌ ሕንፃ ላይ ከተሠሩት ጥፋቶች ሁሉ በሰፊው የተስፋፋው ሲሚንቶ ነው። ጎተራዎቹ የተገነቡት በኖራ ወይም በጭቃ ነው። ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ሲቃጠል ነው፤ የወጣው በውሃ በርዶ፣ ከአሸዋ ጋር ተቀይጦ ግድግዳ ላይ ሲውል፣ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ለስለስ ያለና ቀዳዳማ ነው። ዝናብ የመታው ግድግዳ ያን እርጥበት በድንጋዮቹ መካከል ባለው ኖራ በኩል መልሶ ወደ አየር ያወጣል፤ ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስም ኖራው አብሮ ይሄዳል። ጆሴፍ አስፕዲን በ1824 ፓተንት ያወጣበት ፖርትላንድ ሲሚንቶ ግን ጠንካራና ውሃ የማያሳልፍ ነው። ለአዲስ ግንባታ መልካም የሆነው ይህ ጠባዩ ለአሮጌ ግድግዳ ክፉ ይሆንበታል። በግድግዳው ውስጥ የታመቀው ውሃ በሲሚንቶው መውጣት ስለማይችል በራሱ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ በረዶ በሚሆንበት ሌሊት ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል፣ በውስጥ ያለውን እንጨትም ያበሰብሳል። የሲሚንቶና የኖራ ልዩነት ላስቲክ ለብሶ ጸሐይ ላይ የዋለና ጋቢ ለብሶ የዋለ ሰው ልዩነት ነው።

ይህ ችግር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በጎንደር የፋሲል ግቢ አብያተ መንግሥት በኖራ የተገነቡ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941፣ በተደረገው ጥገና ሲሚንቶና አርማታ ገብቶባቸው ነበር። ኋላ ላይ በዩኔስኮ ድጋፍ በተካሄደው የጥበቃ ሥራ ያ ሲሚንቶ እንዲወጣ ተደርጎ ጥገናው ወደ ኖራ ተመልሷል። በሁለቱ አገሮች የተገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ በኖራ የተሠራ በኖራ ይጠገናል። አሮጌ ጎተራ የሚገዛ ሰው ግድግዳው ላይ ግራጫ የሲሚንቶ ልስን ካየ፣ እሱን በጥንቃቄ ማስነሣት የመጀመሪያ ወጪው እንደሚሆን ይወቅ።

ቤቱን ማሞቅም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የግንባታ ደንቡ የሙቀት መከላከያ ይጠይቃል፤ ቤተሰቡም ያለ እርሱ የእንግሊዝን ጥር ወር አይወጣውም። ነገር ግን በድንጋይ ግድግዳ ውስጠኛ ገጽ ላይ ላስቲክና ፎም መለጠፍ ከሲሚንቶው ጋር አንድ ዓይነት ጥፋት ያስከትላል። የሰው ትንፋሽ፣ የማብሰያ እንፋሎትና የመታጠቢያ ውሃ የሚፈጥሩት እርጥበት ከመከላከያው ጀርባ ገብቶ በቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ የጠለቁ ባለሙያዎች የሚመርጡት እርጥበት የሚያሳልፉ ነገሮችን ነው፤ የእንጨት ጭረት ሰሌዳ፣ የበግ ጠጉር፣ ከኖራ ጋር የተቀየጠ ሄምፕ የተባለ ተክል ገለባ። የእንጨት አጽም ባላቸው ጎተራዎች መከላከያው በአጽሙ ውጪያዊ ገጽ ይደረግና በላዩ ሳንቃ ይለብሳል፤ ምሰሶዎቹና ወጋግራዎቹም ከውስጥ እንደ ተገለጡ ይቀራሉ። ለማሞቂያ ደግሞ ከወለል ሥር በሚዘረጋ ቱቦ የሞቀ ውሃ ማሳለፍ ለረጃጅም ክፍሎች ይስማማል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማሞቂያ የሚያሞቀው አየር ሽቅብ ወደ ጣራው ይሄዳል፤ የሚሞቁት ወጋግራዎቹ እንጂ ሰዎቹ አይደሉም።

በረት የነበረ ሕንፃ ሌላ ጉድ ይዞ ይጠብቃል። ላሞች ለመቶ ዓመት የቆሙበት ወለልና ግድግዳ ከሽንትና ከእበት የወጣ ጨው ጠጥቷል። ይህ ጨው ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ልስን ሲደረግበት በጥቂት ወራት ውስጥ ነጭ ሆኖ ይወጣና ልስኑን ያፈራርሰዋል። ግድግዳውን ማጠብ ጨውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። የሚሻለው እንዲደርቅ ጊዜ መስጠት፣ የወጣውን ጨው በደረቁ መጥረግ፣ ከዚያም ጨውን እየሳበ የሚያልቅ ጊዜያዊ የኖራ ልስን አልብሶ መልሶ ማንሣት ነው፤ አንዳንዴ ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ይህም ሳይሆን ሲቀር ከነባሩ ግድግዳ ነጠል ብሎ ቀጭን ውስጣዊ ግድግዳ ይሠራል። ናፍጣ የፈሰሰበት፣ የበግ መንከሪያ መድኃኒት የተደፋበት አፈር ተመርምሮ ሊወገድ ይገባል። በ20ኛው መቶ ዘመን የተለጠፈ ሞገዳማ የጣራ ክዳን ካለ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ብሪታንያ አስቤስቶስን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው በ1999 ነው፤ ማንሣቱ ሥልጠና ላለው ሠራተኛ የሚሰጥ ሥራ ነው።

ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ የብርሃኑ ነው። መስኮት የሌለው ሕንፃ እንዴት ብርሃን ያግኝ? ቀላሉ መልስ ግድግዳውን በየቦታው መብሳት ነው፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ብዙ ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው። ውጤቱ ከሩቅ ሲታይ ጎተራም ቤትም ያልሆነ ነገር ነው፤ በረጅሙ ግድግዳ የመኖሪያ ሰፈር መስኮቶች ተደርድረው፣ በጣራው ላይ ጭስ ማውጫ ተተክሎ፣ ፊት ለፊቱ ላይ በረንዳ ተለጥፎ። የተሻለው መንገድ ሕንፃው ቀድሞ ያሉትን ክፍተቶች መጠቀም ነው። ሁለቱ ትልልቅ በሮች ከላይ እስከ ታች መስታወት ሲሆኑ የቤቱ መካከል በብርሃን ይሞላል፤ ነባሮቹ የሳንቃ በሮች ወደ ግራና ቀኝ ተከፍተው መዝጊያ ሆነው ይቀራሉ፤ የበጋ ፀሐይ ሲበረታ ይዘጋሉ፣ ሌሊትም የቤቱ መብራት በጨለማው ማሳ ላይ እንዳይፈስ ይከልላሉ። የአየር ክፍተቶቹ ከግድግዳው ውስጥ ገባ ብሎ መስታወት ይገባባቸዋል፤ ከውጭ ሲታዩ እንደ ድሮው ጥቁር ስንጥቅ ይመስላሉ። የቀረው ብርሃን ከመንገድ በማይታየው የጣራ ጎን፣ ከክዳኑ ጋር ተስተካክለው በሚገቡ ጥቂት የሰማይ መስኮቶች ይመጣል።

የክፍሎቹ አከፋፈልም ከዚህ ይከተላል። አንድ ጎተራ ዋጋ ያለው ነገሩ ባዶነቱ ነው፤ ሰው ገብቶ ቀና ሲል ከወለል እስከ ጣራው ጫፍ አንድ ሆኖ የሚታየው ስፋት። ይህን በሁለት ፎቅ ከፍሎ በስድስት መኝታ ቤት መሙላት የተገዛውን ዕቃ መስበር ነው። ጥሩ ነዳፊዎች መካከሉን፣ የመውቂያውን ቦታ፣ እስከ ጣራው ክፍት ይተዉታል፤ ቤተሰቡ የሚበላበትና የሚቀመጥበት እሱ ይሆናል። በአንደኛው ወይም በሁለቱ ጫፎች ቆጥ መሳይ ፎቅ ይደረጋል። መታጠቢያና ዕቃ ቤት ብርሃን በማይደርስበት ጥግ ይገባሉ። ጎተራው ከጎኑ በረትና የጋሪ ማቆሚያ ካለው ነገሩ ይቀላል፤ ዝቅ ዝቅ ያሉት ሕንፃዎች ለመኝታ ይስማማሉ፣ ትልቁ ለጋራ ኑሮ ይለቀቃል። ክፍት ቤት ግን እሳት ሲነሣ ጭሱ ሁሉ ቦታ ይደርሳል፤ ስለዚህ የግንባታ ተቆጣጣሪው የማምለጫ መስኮት ወይም ከጣራ ውሃ የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ከንድፉ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ነው።

ሕንፃው ሰው ባይኖርበትም ባዶ አይደለም። በብሪታንያ ከሚገኙት 18 የሌሊት ወፍ ዝርያዎች በርካታዎቹ በአሮጌ ጣራ ሸክላና በምሰሶ ስንጥቅ ውስጥ ያድራሉ፤ ይወልዳሉም። በ1981 የወጣው የዱር አራዊትና የገጠር ሕግና እሱን የተከተሉት ደንቦች ወፎቹንም ማደሪያቸውንም ይጠብቃሉ፤ ማደሪያውን ማፍረስ፣ ወፎቹ በዚያ ወቅት ባይኖሩም፣ ወንጀል ነው። ወፎቹ ሲወጡ የሚቆጠሩት ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በጥቅምት ጎተራ የገዛ ሰው ለምርመራው እስከሚቀጥለው ግንቦት ሊጠብቅ ይችላል። ብዙዎች ይህን እንደ እንቅፋት ያዩታል። ሆኖም ወፎቹ ከአዲሱ ባለቤት ቀድመው የኖሩ ናቸው፤ የሚጠየቀውም ብዙ አይደለም፤ ከጣራው ጫፍ የተለየ ትንሽ ቦታ፣ መግቢያ ስንጥቅ፣ በማደሪያቸው አካባቢ ደግሞ አንዳንዱን ዘመናዊ የጣራ ሥር ጨርቅ አለመጠቀም፤ ጭረቱ በጥፍራቸው እየተጠላለፈ ይገድላቸዋልና። የጎተራ ጉጉትም በዚያው ሕግ የተጠበቀች ናት፤ በጫጩት ወቅት ሥራ አጠገቧ መካሄድ የለበትም።

ከጎተራ ውጭ ያሉት የእርሻ ሕንፃዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። የፈረስ ጋጥ ቀድሞም መስኮትና ተራ ቁመት ስላለው ከሁሉ ቀላሉ ነው። በእንጉዳይ ቅርጽ በተጠረቡ ድንጋዮች ላይ ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራው ትንሹ የእህል ቤት፣ አይጥን ለመከላከል ከእኛው ጎተራ ጋር በአንድ ሐሳብ የተሠራ ነው፤ ለቤተሰብ ይጠብባል፣ ለጽሕፈት ክፍል ግን ተወዳዳሪ የለውም። በኬንት ክፍለ ግዛት ደግሞ፣ ጌሾ በጠላ ውስጥ ያለውን ሥራ በቢራ ውስጥ የሚሠራውን ሆፕ የሚያደርቁባቸው፣ ክብ ሆነው ሾጣጣ ጣራ ያላቸው ምድጃ ቤቶች አሉ። ከጫፋቸው ላይ ነፋሱን እየተከተለ የሚዞር ነጭ የእንጨት ቆብ አላቸው። ብዙዎቹ መኖሪያ ሆነዋል፤ ክብ ክፍል ቢያምርም፣ ቁምሳጥንና አልጋ ቀጥ ባለ ግድግዳ ታስበው ስለሚሠሩ አናጢ ሳይጠራ የሚገባ ዕቃ ጥቂት ነው።

ስለ ገንዘብ ጥቂት ማለት ይገባል። ጎተራን መለወጥ በአብዛኛው አዲስ ቤት ከመሥራት አይረክስም። መብራትና ውሃ ከሩቅ ይጎተታሉ፤ የፍሳሽ መሥመር ስለሌለ የራሱ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ የኦክ አናጢና የኖራ ግንበኛ ቀን ዋጋም ከፍ ያለ ነው። አሮጌ ግድግዳ ሲከፈት የሚገኘው አስቀድሞ ስለማይታወቅ ከበጀቱ አንድ አምስተኛውን ለድንገተኛ ወጪ መያዝ አስተዋይነት ነው። በሌላ በኩል የግብር ሕጉ ይረዳል። በብሪታንያ መደበኛው የተጨማሪ እሴት ታክስ 20 በመቶ ሲሆን፣ መኖሪያ ያልነበረን ሕንፃ ወደ መኖሪያ ለመለወጥ የሚሠራ ሥራ ተቋራጭ የሚያስከፍለው 5 በመቶ ነው። ለራሱ መኖሪያ የሚሠራ ሰው ለዕቃና ለሥራ የከፈለውን ታክስ ሥራው ሲያልቅ ማስመለስ ይችላል፤ ጥያቄው ሕንፃው በተጠናቀቀ በስድስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። በ2023 መጨረሻ እስኪሻሻል ድረስ ጊዜው ሦስት ወር ብቻ ነበር። ደረሰኝ የማይጠብቅ ሰው ይህን ገንዘብ ያጣል።

ሁሉም ጎተራ ግን ቤት መሆን የለበትም። ከመካከለኛው ዘመን የተረፉት ታላላቆቹ ምንም ያህል በጥበብ ቢሠሩ መከፈላቸው ጉዳት ነው፤ በእነርሱ ውስጥ የሚገባ መኝታ ቤትና ደረጃ የሚሸፍነው በዓለም ጥቂት የቀረውን የእንጨት ጥበብ ነው። ለእነርሱ የሚስማማው ገበያ፣ ኮንሰርት፣ ሠርግ፣ ወይም እንዲሁ ባዶ ሆኖ መታየት ነው። በለንደን ምዕራብ ዳርቻ፣ ሃርመንድስወርዝ በተባለው መንደር ያለው ጎተራ ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1426 የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ ወደ 60 ሜትር ይጠጋል። ለዓመታት ሳይጠገን ቆይቶ በ2011 ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የተባለው የቅርስ ተቋም ገዛውና ታደገው። ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም አይርቅም፤ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት በተወሰኑ እሁዶች ለሕዝብ በነጻ ይከፈታል።